የባሕር ልክ

የካቲት ነው ገና። ተራራው ነጭ ለብሶ፣
የኮቪልያ ቧንቧ በረዶ ጎርሶ፣
ፊርሚኖ ምድጃው ጎን ካልሲውን ያሞቃል፤
የኔ ጠረጴዛ ግን ነሐሴን ያውቃል።

ዘርግቼዋለሁ እንደ ጣቃ ጨርቅ፣
አሥር ቀን ይወጣው እንደሁ ልለካ፣ ልጠይቅ።
ይህ ለአውቶቡሱ ነው፣ ይህ ለአልጋ ኪራይ፣
ይህ ለተጠበሰ ሰርዲን፣ ይህ ለፀሐይ —
ፀሐይ ግን በነፃ ናት፤ ሰረዝሁትና
ለጃንጥላ ኪራይ አዞርሁት እንደገና።

ባሕርን አንዴ አይቻለሁ፣ በፋብሪካው ሽርሽር፣
ፊጌራ ላይ፣ በዝናብ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ዳር።
ግራጫ ነበር፣ እንደ ፋብሪካው ጣሪያ። "ይኸው ነው?" አልሁ።
ያን ቀን የናቅሁትን በፀሐይ አይቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሞንቴ ጎርዶ ከካርታው ግርጌ ተሸጉጣለች፣
ከወንዝ ማዶ ላለች ስፔን ደኅና እደሪ ትላለች።
ደወልሁ ለክፍል አከራይ፣ ለወይዘሮ ግራሲየት፤
ድምጿ የጨው ቅንጣት አለው፣ ከጀርባዋ የወፎች ጩኸት።
"ስሟን 'ወፍራም ኮረብታ' ቢሏት ኮረብታ የላት፤
ዳቦ ለመግዛት ስትወጪ አያምሽም ጉልበት።
ክፍል አለኝ ሁለት፤ አንዱ ወደ ጎዳና፣
አንዱ ባሕር የሚያይ፤ እሱ ግን ውድ ነውና
በቀን አሥር ዩሮ ይጨምራል።"
                    አሥር ዩሮ!
ፊርሚኖ ከምድጃው ዘለለ፣ እሳት እንደነካው ዶሮ።

"ባሕር ለማየት ነው የምንሄደው ወይስ ለመተኛት?
ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ምን ያደርግለታል መስኮት?
ለአሥር ቀን መቶ ዩሮ! በመቶ ዩሮ እኮ
ሙሉ ጭነት እንጨት ይገባል ደጃችን ተልኮ።"
ጎዳናውን ያዝን። እኔም ጻፍሁ በደብተሬ፦
"ባሕር — በእግር ተሂዶ። መቶ ዩሮ ተርፏል ዛሬ።"

ቀን በቀን ሰበብ ያመጣል፦ "ሙቀቱ ይገድላል፣
አሸዋ ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ውሻውን ማን ይጠብቃል?"
"አዴሪቶ ይጠብቃል።" "አዴሪቶ ሰነፍ ነው።"
"ውሻውም ሰነፍ ነው፣ ይስማማሉ።" ይህ ዝም አሰኘው።

ከዚያ አንድ ማታ፣ መብራት ካጠፋን ወዲያ፣
(ሰው እውነቱን የሚያወጣው በጨለማ ነው፣ እንዲያ)
"ዙልሚራ" አለኝ፣ "ባሕሩን ጠልቼ እንዳይመስልሽ።
ሱሪ ማውለቅ ነው እዚያ። እግሬን ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። ፋብሪካው ገና ሲጮህ፣ ድሮ፣
የሱፍ ማበጠሪያው ባቱን ቀረጠፈው አዙሮ።
ሠላሳ አራት ዓመቱ። ጠባሳው ከጉልበት በታች
የተጣመመ ስፌት ነው፣ ጀማሪ ሰፍታ እንደሸሸች።
እኔ በእጄ አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን ዘመኑን ሙሉ
በሐምሌ ሐሩር ረጅም ሱሪ፤ "ይበርደኛል" ነው ቃሉ።

ዝም አልሁ። ሲነጋ ከስፌት ማሽኔ ፊት ተቀመጥሁ፣
ከሳጥኑ ታች ሰማያዊ፣ ስስ ጨርቅ መረጥሁ።
"ቁም" አልሁት። ቆመ። ሜትሬን ከወገቡ ለቀቅሁ፣
ጉልበቱን አልፌ ከጠባሳው ጫፍ ዘለቅሁ፤
ሁለት ጣት ጨመርሁበት፦ አንዱን ጣት ለነፋስ፣
አንዱን ቁጭ ሲል ጨርቁ ወደ ላይ ሲመለስ።
"ይህ ቁምጣ አይደለም" አለ። "ሱሪም አይደለም" አልሁ።
"ታዲያ ምንድን ነው?"
          "የባሕር ልክ ነው። አትነቃነቅ፣ መርፌ ይዣለሁ።"

ረቡዕ፣ ሾርባ ሳማስል፣ በሹክሹክታ ሲደውል ሰማሁት፦
"ያ ባሕር የሚያየው ክፍል..." አለና ዝም። ጠበቅሁት።
የብራጋ ጥርስ ሐኪም ይዞታል፣ ከነልጆቹ።
"ይሁን" አለ። ቆየ፣ ስልኩን እንደያዘ በእጆቹ።
ከዚያ ደብተሬን ገልጦ፣ ከ"በእግር ተሂዶ" በታች
ጻፈ በወፍራም እርሳስ፣ እጁ እያመነታች፦
"ስንት እርምጃ ነው? ይጠየቅ።"

ውጭ በረዶ ይጥላል። ሰማያዊውን ለብሶ፣
ከታች የሱፍ ካልሲ፣ ከላይ ካፖርቱን መልሶ፣
ከምድጃው እስከ በሩ ይሄዳል፣ እርምጃ እየቆጠረ፤
ውሻው ይከተለዋል።
ሃምሳ ላይ ቁጥሩ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ።